የጭላት ፎቶ ይልኩልኝ የነበሩ ሰዎች

መርሳ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ጭላት ማየት አመል ሆነብኝ። ወላጆቼ ወልድያ ስለሚኖሩ ዓርብ ከሰዓት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ እሁድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ሁልጊዜ የመስኮቱን ጥግ ነው የምይዘው። ሲሪንቃ የሙከራ እርሻው አካባቢ ስንደርስ በመንገዱ ዳር ካሉት የመብራት ፖሎች አናት ላይ ጭላቶች ተቀምጠው አያለሁ። አንዳንዱ ደረቱ እንደ ጥጥ የነጣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከአናቱ እስከ ሆዱ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነው። ጭራቸው ግን የሁለቱም ቀይ ነው፣ የሸክላ ዓይነት ቀይ። ልጅ ሳለሁ ሁለት የተለያዩ ወፎች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ዓይነት መሆናቸውን፣ ነጩና ጥቁሩ ተጋብተው እንደሚወልዱ፣ ከአንድ ጎጆም ሁለቱም ሊወጡ እንደሚችሉ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት ክረምት እየሄድኩ ስማር ለመመረቂያ ጽሑፌ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ከሐራ ቆላ ተነስቶ በመርሳና በወልድያ በኩል እስከ ደጋው ድረስ ጥቁሮቹ የት የት ይበዛሉ? ነጮቹስ? አማካሪዬ ወረቀቱን አንብቦ መነጽሩን አወለቀና፣ "ይህን ሁሉ አገር በምን መኪና፣ በስንት ሰው ልታዳርሰው ነው?" አለኝ። መኪናም ሰውም እንደሌለኝ ያውቃል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ መርሳ ተመለስኩ።

ብልሃቱን ያገኘችው መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት የነበራት ሴት ናት። የጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ ሰነድ ታትማለች፣ ለሰርግ ቪዲዮ ትሠራለች፣ ለገበሬውም ስልኩ ላይ መንዙማና ዘፈን ትጭናለች። የፈተና ወረቀት ላባዛ በሄድኩ ቁጥር ሳላስበው እቆያለሁ። የዚያን ዕለት ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ወረቀት ማሽኑ ውስጥ እየከተተች፣ ቀና እንኳ ሳትል መለሰችልኝ።

"ካሜራ ያለው ስልክ የሌለው ሰው አሁን ማን አለ? ጭላቱ ያለበት አገር ሁሉ ሰው አለ። እነሱ ያንሱልህ።"

"ገበሬ ሥራ ፈቶ ለእኔ ወፍ ያነሳል?"

"ሥራ መፍታት ምን ያስፈልጋል? እርሻው ላይ ቆሞ እያያት አይደል?"

በማግስቱ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች። በትልልቁ ጽፋ፣ "ጭላት ያየ ሰው ፎቶ አንስቶ ያምጣልን። ነጭም ይሁን ጥቁር። ለትምህርት ነው" ይላል። ኢንተርኔት ላላቸው የስልክ ግሩፕ ከፈትን። ለሌላቸው ደግሞ በገበያ ቀን ስልካቸውን ይዘው ወደ እሷ እንዲመጡ ተባለ፤ እሷ በኬብል ወደ ኮምፒውተሯ ትገለብጥላቸዋለች።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመጣልን ነገር ያስቃል። አንዱ የሰርግ ድንኳን ላይ ያረፈች እርግብ ላከ። አንዱ ዶሮውን ላከ፣ "ጭላት የበላብኝ የዚችን እህት ነው" የሚል ጽፎ። የሚኒባስ ሾፌሮች እየነዱ አንስተው አቧራና ሰማይ ብቻ ይልኩ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጭላቶቹ መምጣት ጀመሩ። ከሐራ፣ ከባቡር ሐዲዱ ዳር። ከሲሪንቃ። ከወልድያ በላይ ካለው ዳገት፣ ጉም ውስጥ። ስልኬ ጩኸት ባሰማ ቁጥር ክፍል ውስጥም ብሆን ልቤ ይሄድ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። የሚመጣው ፎቶ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁር ነው። እኔ በሚኒባስ መስኮት ሳይ ግን በቆላው የሚበዛው ነጩ ነው። በገበያ ቀን ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አንዱን የሐራ ነጋዴ ጠየቅኩት።

"ነጩን አታይም እንዴ?"

"ነጩንማ በየቀኑ ነው የማየው" አለኝ። "የሚገርመው ጥቁሩ ነው ብዬ ነው።"

የተለየ የሚመስለውን ብቻ ካመጡልኝ አገሩ ሁሉ የጥቁር ጭላት አገር ሆኖ እንደሚጻፍ አስረዳሁት። እሷ ከውስጥ ሆና ትሰማለች። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ቀዳ ጣለችና አዲስ ጻፈች፣ "የምታዩትን ሁሉ አምጡልን። የሚገርማችሁን ብቻ አይደለም።" ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ "ሁሉ" የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ሽማግሌው የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከመርሳ በላይ፣ የሀብሩ ዳገት ላይ ካለች መንደር በአህያ ፓፓያ ጭነው ገበያ የሚወርዱ ገበሬ ናቸው። ጢማቸው የሸበተ፣ ነጭ ኮፍያቸው ሁልጊዜ የታጠበ። ጅዳ ያለችው ልጃቸው የላከችላቸውን ስልክ በጨርቅ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይይዛሉ። ፎቶ ቤት ገብተው ሰላምታ ሰጡና ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ ወደነበረው ፎቶ ጎንበስ አሉ።

"መምህሩ አንተ ነህ?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ይችን ስንት ብለህ ቆጠርካት?"

ሦስት የተለያዩ ሰዎች የላኳቸው ሦስት ፎቶዎች ነበሩ። ሦስት ብዬ እንደቆጠርኳቸው ነገርኳቸው።

"አንዲት ናት" አሉ። "የእኛ መንደር ናት። ጭራዋን እይ፣ በግራ በኩል አንድ ላባ ጎድሏታል። ጠዋት ከእኛ በላይ ካለው ገደል ትነሳና ረፋዱ ላይ መንገድ ትወርዳለች። ሦስቱም ሰው ያገኛት ታች ነው።"

ፎቶዎቹን አጉልቼ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አቆጣጠር ተምሬ ያላሰብኩትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገሩኝ። የዚያን ሳምንት የጻፍኩትን ሁሉ ሰረዝኩና እንደገና ከመጀመሪያው ማየት ጀመርኩ፤ ላባ በላባ፣ ጭራ በጭራ።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥተው ፎቶ ያነሳሉ፣ በገበያ ቀን ያመጡልናል። እሷ እየገለበጠች ቦታና ቀን ትጠይቃቸዋለች፣ እኔ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ሲጨርሱ አንድ ፓፓያ ያወጣሉ። እሷ በቢላ ትከፍለውና ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ሦስታችንም ቆመን እንበላለን። ሽማግሌው ስለ ጭላቷ የሚያወሩት ስለ ጎረቤት እንደሚወራ ነው። ዛሬ ቁራ አስቸገራት፣ ትናንት አይጥ ይዛ ጣለችው፣ ባልዋ ጥቁሩ ሁለት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ።

ሰው ሲበተን እኔና እሷ ለብቻችን እንቀራለን። ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች "ወልድያ፣ ወልድያ" እያሉ ይጣራሉ። እሷ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች "ነጭ" ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ "ጥቁር" ትላለች፣ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ሆን ብላ ዝም ትላለች፣ ቀና ብዬ እንዳያት። ቀና ስል "ምን ታያለህ፣ ጻፍ እንጂ" ትለኛለች። ልነግራት የነበረ ነገር ነበረኝ። ጥናቱ ሲያልቅ እነግራታለሁ እያልኩ አቆየሁት። ሥራው ካለቀ በኋላ ጊዜ እንደሚኖር እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሰሜን ሲወራ የነበረው ጦርነት ወደ እኛ የመጣው በክረምቱ ነው። በመጀመሪያ የመጡት ሰዎች ናቸው። ከቆቦ፣ ከዚያም ከወልድያ፣ ልጅ ያዘለ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ በሬ የሚነዳ ሰው በመርሳ መሐል ወደ ደቡብ ያልፋል። ግሩፑ ውስጥ የሚገባው ፎቶ እየሳሳ ሄደ። ከመጨረሻዎቹ አንዱን አንድ የሲሪንቃ ሰው ላከው። ፖሉ ላይ ነጭ ጭላት ተቀምጣለች፤ ከስሯ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ከፎቶው ሥር የተጻፈው እንደ ወትሮው ቦታውና ቀኑ ብቻ ነው። የምታዩትን ሁሉ ብለናቸው ነበርና የሚያየውን ላከ።

ብዙ ሳይቆይ ኔትወርክ ጠፋ።

እሷ እናቷን ይዛ በአይሱዙ ወጣች። ጓዛቸውን ሳቀብላቸው መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ኮምፒውተሩን ልትወስደው አልቻለችም፤ ለሰው እንኳ ቦታ አልነበረም። መዝገቡን ከጃኬቷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝና የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ጨመረችልኝ።

"ስደርስ እደውልልሃለሁ" አለች።

ኔትወርክ እንደሌለ ያን ጊዜ ሁለታችንም አስታወስን። አይሱዙው ከሰዉ ጋር ወደ ደሴ አቅጣጫ ሄደ።

እኔ ያልወጣሁት ወላጆቼን ስጠብቅ ነው። ከወልድያ ይመጣሉ ብዬ መንገድ ዳር ቆሜ ዋልኩ፣ በማግስቱም ቆምኩ። አልመጡም። በሦስተኛው ቀን የተኩሱ ድምፅ ሲቀርብ ሽማግሌው አህያቸውን እየነዱ መጡ። ጭነት የለባትም።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉኝ።

"እናትና አባቴን።"

"እነሱም ያሉበት ሆነው አንተን ነው የሚያስቡት። ልብስህን ጫን፣ እንሂድ።"

እንደዚያ ሆኖ ነው አራት ወር ገደማ እሳቸው ቤት የኖርኩት። ባለቤታቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ልጃቸው ነው ያዩኝ፤ የማሽላ እንጀራ በወተት ሲያቀርቡልኝ አልበላህም ብለው ይቆጡኛል። እኔም ጤፍ አረምኩ፣ ማሽላ ጠበቅኩ፣ ውኃ ቀዳሁ። ታች መንገዱ ላይ የሚሆነውን የምንሰማው በድምፅ ብቻ ነው። ቤቱ ጣሪያ ላይ ልጃቸው የላከችው ትንሽ ሶላር ነበረች፤ ስልካችንን በእሷ እንሞላለን። መደወያ ሳይሆን ካሜራ ሆኖ ቀረ።

ጭላቶቹ በዚያው ሰሞን ጎጆ ሠሩ። ነጯ ሴትና ጥቁሩ ባልዋ ገደሉ ላይ ወዳለ ዛፍ እንጨት ሲያመላልሱ አብረን አየን። ሽማግሌው በየቀኑ ከዙህር በፊት ይወጡና አንድ ሁለት ፎቶ ያነሳሉ። ሁለት ጫጩት ሲፈለፈሉ፣ ነጭ ነጭ ለስላሳ ጸጉር ሲያወጡ፣ በኋላም እውነተኛው ላባ ሲመጣ። አንድ ቀን እያለከለኩ ወርደው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። አንዱ ጫጩት ደረቱ ጠቁሯል። ሌላው ነጣ ያለ ቡናማ ሆኗል። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት፣ ግሩፕ ውስጥ ካሉት ማንም ያልላከልኝ ነገር ይኸው ከእሳቸው እጅ ላይ ነበር። ከአንድ ጎጆ ሁለቱም።

"አሁን ለዚያች ልጅ ባሳየናት" አሉ። ማንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሽማግሌው ደም ግፊት ነበረባቸው። ክኒናቸው እያለቀ ሲመጣ መጀመሪያ ግማሽ ግማሽ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ መዋጥ ጀመሩ። ራሳቸውን ሲያማቸው በሻሽ አጥብቀው ያስሩታል፣ ምንም አይሉም። መርሳ የማውቀው መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነበር። ከተዘረፈው የተረፈ ጥቂት ደብቆ ለሚያውቀው ሰው እንደሚሰጥ ሰማሁ። አንድ ጠዋት ለባለቤታቸው ብቻ ነግሬ ወረድኩ።

ከተማው መግቢያ ላይ ታጣቂዎች አስቆሙኝ። ስልክ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። አለቃቸው የሚመስለው፣ ቀጭን፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው፣ ፎቶዎቹን በአውራ ጣቱ እየገፋ ማየት ጀመረ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ ቀስ አለ።

"ይሄ የት ነው?"

"ሲሪንቃ አካባቢ ነው።"

"የመብራት መስመር ነው።"

"ላዩ ላይ ያለችውን ወፍ ነው ያነሳነው።"

"ይሄስ? ድልድይ አይደለም?"

"ድልድዩ ላይ ተቀምጣ ነው።"

"ይሄ ሐዲድ ነው። ይሄ የቴሌ ማማ ነው።" ወደ መዝገቡ ፎቶ ደረሰ፤ ገጾቹ ቢጠፉ ብዬ በስልኬ አንስቻቸው ነበር። ጮክ ብሎ አነበበ። "ቦታ። ቀን። ሰዓት። ብዛት። ነጭ፣ ጥቁር። ነጭ ማነው? ጥቁር ማነው?"

አስረዳሁት። ስናገር ራሴን በእሱ ጆሮ ሰማሁት። በጦርነት መሐል የድልድይና የማማ ፎቶ፣ ከነቀኑ ከነሰዓቱ፣ ከብዙ ሰው የተሰበሰበ፣ ነጭና ጥቁር እየተባለ የተመዘገበ። እኔም እሱን ብሆን የምለውን አላምንም ነበር።

ትምህርት ቤት ወሰዱኝ። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ዴስኮቹ ለማገዶ ተሰባብረዋል። ግድግዳው ላይ ተማሪዎቼ የሣሉት የልብ ሥዕል ነበር፣ ከነደም ሥሩ፤ ቀኑን ሙሉ እሱን እያየሁ ተቀመጥኩ። አልመቱኝም። አንድ ጊዜ ውኃ ሰጡኝ። አለቃቸው እየመጣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቀኛል፣ "ለማን ነው የምትልከው?" ለዩኒቨርሲቲ እላለሁ። ይሄዳል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሽማግሌውን ድምፅ ከውጭ ሰማሁ። ሳልመለስ ስቀር ባለቤታቸው የሄድኩበትን ነግረዋቸው፣ ከሱብሂ ጀምሮ ዳገቱን በእግራቸው ወርደው መምጣታቸው ነው። አሰላሙ አለይኩም ብለው ገቡ፣ አንዱ ታጣቂ ሳያስበው አለይኩም ሰላም አላቸው።

"ይህ ልጅ የእኔ እንግዳ ነው" አሉ።

"አባባ፣ እንግዳዎ ሰላይ ነው" አላቸው አለቃው።

"ምን ሊሰልል? ጭላት?"

"ይህን ሁሉ ቦታ ፎቶ ሲያነሳ ነበር።"

"ግማሹን ያነሳሁት እኔ ነኝ።" ጨርቁን ፈትተው ስልካቸውን አወጡ። "ይኸው። እሱን የምትይዙ ከሆነ እኔንም ያዙኝ። እኔ ከእሱ የበለጠ አንስቻለሁ።" ይህን ብለው መሬት ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

አለቃው ስልካቸውን ተቀብሎ አየ። ጎጆ ነው። ጎጆ፣ ጎጆ፣ ጎጆ። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ቀን በቀን። ብዙ ቆየ። በኋላ እሱም ተንበርክኮ ከእሳቸው ጋር ዓይን ለዓይን ሆነ።

"አባባ፣ ወፍ ማንሳት ምን ይጠቅምዎታል?"

"ኧረ ምንም አይጠቅመኝም" አሉ። "ስትመጣ ደስ ይለኛል። ሌላ ምን አለ?"

ሰውየው ስልኩን መለሰላቸው። ከዚያ ተነስቶ፣ "አጥፉት" አለ። "ሁለታችሁም። አንድ ሳይቀር። ከዚያ ሂዱ።"

እኔ የእኔን አጠፋሁ። ሽማግሌው ስልካቸውን ያዙና ቆዩ።

"ማንሳት እንጂ ማጥፋት አላስተማራችሁኝም" አሉኝ በቀስታ። እውነት ነው፣ አላስተማርናቸውም። ስልኩን ሰጡኝ። ታጣቂው በትከሻዬ በኩል እያየ፣ ከእንቁላሉ ጀምሮ እስከ ጥቁሩና ቡናማው ጫጩት ድረስ ያለውን ሁሉ እኔው በገዛ ጣቴ አጠፋሁት።

መድኃኒት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ሰውየውም ሄዷል አሉን። ዳገቱን ስንወጣ በየጥቂቱ እያረፉ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አይዞህ። ጎጆዋ እዚያው ናት። እንደገና እናነሳታለን፣ ኢንሻአላህ።"

እንዳሉትም ለጥቂት ቀናት አነሱ፤ ግን ከአፋፉ ማለፍ ስላቃታቸው ከሩቅ የተነሱት ጫጩቶች ቀለማቸው አይለይም ነበር። ጫጩቶቹ ክንፋቸውን እያማቱ ጎጆው ጠርዝ ላይ መቆም ጀምረው ነበር። አንድ ጠዋት ሱብሂ ሰግደው ሲነሱ አፋቸው ተጣመመ፣ ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። ወዴት እንውሰዳቸው? ጤና ኬላው ባዶ ነው። ቃሬዛ እየሠራን ሳለ፣ ዙህር ሳይደርስ ዐረፉ። የዚያኑ ዕለት ቀበርናቸው። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ዱዓው ሲደረግ እኔም እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ለእኔ ብለው ባይወርዱ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ያን ቀን መጣብኝ። እስከ አሁን አለ። ባለቤታቸው አንድ ጊዜ ይህን ስነግራቸው ተቆጡኝ፣ "የአላህን ሥራ የራስህ አታድርገው" አሉኝ። ቁጣቸው ረድቶኛል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አላዳነኝም።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። በእግሬ ወልድያ ገባሁ። እናቴና አባቴ በሕይወት ነበሩ፤ ከቤታቸው ወጥተው አያውቁም። አባቴ በጣም ከስቷል። ካየኝ በኋላ ለረጅም ጊዜ እጄን አልለቀቀኝም። በመርሳ ሳልፍ እንዳየሁት የፎቶ ቤቱ በር ተሰብሯል፣ ኮምፒውተሩ የለም፣ ወለሉ ላይ የሰው ጉርድ ፎቶ ተበትኗል። ቁልፉ ግን እኔ ጋ ነበር።

ኔትወርክ የተመለሰ ቀን የአባቴ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ግሩፑን ስከፍተው ቀድሞ የተላኩት ፎቶዎች ሁሉ እዚያው አሉ። ከስልኬ ያጠፋሁት እንጂ ግሩፑ ውስጥ ያለው አልጠፋም። የሐራው ነጋዴ፣ የሲሪንቃው ሰው፣ ሾፌሮቹ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ደስ ብሎኝ ማሰሪያው እንደተፈታ ጥጃ ተንደረደርኩ፣ "ሰላም ናችሁ? ማን አለ?" ብዬ ጻፍኩ። ጥቂቶች መለሱ። ብዙዎቹ ጋ ግን ከስማቸው ሥር ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ከረጅም ጊዜ በፊት እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። አንዳንዶቹ ስልካቸው ተወስዶ ይሆናል፣ አንዳንዶቹ ቁጥር ቀይረው ይሆናል። እንደዚያ ይሆናል እያልኩ በየቀኑ አየው ነበር።

እሷ የደወለችው በሳምንቱ ነው። ደብረ ብርሃን ነበረች።

"ፎቶዎቹ አሉ?" አለችኝ መጀመሪያ።

"አሉ።"

"አንተስ?"

"አለሁ።"

"አባባስ?"

"ዐርፈዋል" አልኳት። ስታለቅስ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ ታደርገዋለች፤ ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

ጽሑፌን ጨረስኩት። ያገኘሁት ትልቅ ነገር አይደለም። ከቆላው ወደ ደጋው በወጣን ቁጥር ጥቁሮቹ የሚበዙ ይመስላል፤ ግን ከደጋው የመጣው ፎቶ ትንሽ ስለሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ብዬ ነው የጻፍኩት። ስለዚያ ጎጆ አንድ አንቀጽ አለ፣ ማስረጃ ሊቀርብበት ያልቻለ የዓይን ምስክርነት ተብሎ። ከፈታኞቼ አንዱ፣ መረጃው ለምን በነሐሴ እንደተቋረጠ ጠየቀኝ። "ጦርነት ነበር" አልኩ። አንገቱን ነቅንቆ ገጹን ገለበጠ።

የዲግሪዬን ወረቀት ከተቀበልኩ በኋላ አንድ ዓርብ ወደ መንደሩ ወጣሁ። የሽማግሌው ባለቤት በር ላይ ሆነው ጥራጥሬ ይለቅማሉ። ስልካቸውን ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝ፣ "እስቲ እሱ ያለበት ካለ ፈልግልኝ፣ እኔ መክፈቱን አላውቅበትም" አሉኝ። ከዚያ የመርሳ ቀን በኋላ የተነሱ ጥቂት ፎቶዎች ነበሩ። ሁሉም ጭላት ነው። እሳቸው ሁልጊዜ የሚያነሱት ስለነበሩ አንዱም ውስጥ የሉበትም። ልነግራቸው ስል መጨረሻው ላይ ያለው ፎቶ እንዳልሆነ አየሁ። ሳያውቁ የቪዲዮውን ተጭነው ነው።

ከፈትኩት። አጭር ነች። ገደሉና ዛፉ ይታያል፣ ነጯ ጎጆው ጠርዝ ላይ ለመነሳት ክንፏን ዘርግታለች። ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ ድምፃቸው ይመጣል፣ "ቆይ። ቆይ እስቲ። አትሂጅ።" ወፏ ትነሳለች፣ ስልኩ ሰማዩን ይከተላል፣ ያበቃል።

ባለቤታቸው ሰፌዱን አስቀመጡ።

"ድገመው" አሉኝ።

ደገምኩት። ከዚያ ራሳቸው እንዲከፍቱት የት ጋ እንደሚጫን ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ጅዳ ላለችው ልጃቸውም ላክሁላት። ስወርድ ጣታቸው መስታወቱ ላይ ነበር፣ ድምፁ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይከተለኝ ነበር።

አሁንም መርሳ ነው የማስተምረው። እሷ ደብረ ብርሃን ከሰው ጋር ተሻርካ ፎቶ ቤት ከፍታለች፤ እናቷ መመለስ አትፈልግም። ለበዓል እመጣለሁ ትለኛለች፣ በዓሉ ያልፋል። ልነግራት የነበረውን አንድ ቀን በስልክ ልነግራት ሞክሬ ነበር። ሳልጨርስ፣ "አውቃለሁ" አለችኝ። "ያኔም አውቅ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?" ሥራው እስኪያልቅ ነበር አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ እሷም ስልኩን አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም።

ግሩፑ ውስጥ አልፎ አልፎ ፎቶ ይገባል። ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው ከሐራ ልኳል፣ ነጭ ጭላት፣ አዲስ በቆመ ፖል ላይ። ቦታውንና ቀኑን በመዝገቡ ላይ ጻፍኩ።